የአስምና የአፍንጫ አለርጂ ቁጥጥር እንዴት ይመዘናል?

አስም ከሥሩ ተነቅሎ የሚጠፋ በሽታ አይደለም። የአፍንጫ አለርጂም አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት አብሮ ይኖራል። በመሆኑም የሕክምናው ግብ ሁለቱን በቁጥጥር ሥር ማዋል ነው። አስሙ በቁጥጥር ሥር ነው የሚባለው ታማሚው ሌሊት ሳይነቃ ሲተኛ፣ ሥራውንና ትምህርቱን ሳያቋርጥ ሲቀጥል፣ ድንገት ታፍኖ ሆስፒታል የመግባት ስጋቱም ሲቀንስ ነው። የበሽታው ክብደት ሌላ ጉዳይ ነው። ከባድ አስም በተገቢው መድኃኒት ሊረጋጋ ይችላል፤ ቀላል የተባለው ደግሞ መድኃኒቱ በአግባቡ ካልተወሰደ እንቅልፍ ሊነሳ፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል።

«እንዴት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ለዚህ ምዘና አይበቃም። ትንፋሽ ሲያጥረው የኖረ ሰው ሳይታወቀው ኑሮውን በትንፋሹ ልክ ይቆርጣል፤ ደረጃ መውጣት ይተዋል፣ ከልጆቹ ጋር መሮጥ ያቆማል፣ ሌሊት መንቃቱንም እንደ ልማድ ይቆጥረዋል። ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ከልቡም ነው። ጥያቄው መቆጠር በሚችል ነገር ላይ የሚያተኩረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1993 የተቋቋመውና በምህጻረ ቃሉ ጂና ተብሎ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋም ያለፉትን 4 ሳምንታት የሚመለከቱ 4 ጥያቄዎችን ያቀርባል። የቀን ምልክቶች በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ነበሩ? አስሙ ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ያውቃል? አፋጣኝ ማስታገሻው በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ አስፈልጓል? በአስሙ ምክንያት የቀረ እንቅስቃሴ አለ? ለሁሉም መልሱ «የለም» ከሆነ ቁጥጥሩ ጥሩ ነው። አንድ ወይም ሁለት «አዎ» ከፊል ቁጥጥርን ያሳያል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አስሙ ከቁጥጥር ውጭ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የአስም ቁጥጥር መመዘኛ ቅጽ ደግሞ 5 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ5 እስከ 25 ሲሆን 20ና ከዚያ በላይ ጥሩ፣ 15ና ከዚያ በታች በጣም ደካማ ቁጥጥር ነው። ከ4 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀው ቅጽ 7 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን የተወሰኑትን ልጁ ራሱ፣ ቀሪዎቹን ወላጅ ይመልሳል። ልጁ ራሱ መጠየቁ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሊት የሚያስለውን ሳል ወላጅ ተኝቶ ላይሰማው ይችላልና።

የምልክት ነጥብ ብቻውን ግን ያዘናጋል። የዛሬ ምልክቱ ጥቂት የሆነ ሰው ባለፈው ዓመት አስሙ ክፉኛ ተነስቶበት ከነበረ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ወይም የሳንባው አቅም ከወረደ አደጋው አለ። ስለዚህ የሳንባ አቅም ስፓይሮሜትሪ በተባለው የትንፋሽ መለኪያ ሕክምና ሲጀመር፣ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከዚያም በየጊዜው ይለካል። ሌላው ብዙ የሚናገር ምስክር የማስታገሻው ፍጆታ ነው። አፋጣኝ ማስታገሻ የሆነውን፣ 200 ፓፍ (ርጭት) የሚይዝ የሳልቡታሞል ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) በዓመት 3 እና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው አስሙ የመነሳት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ በወር አንድ የሚጨርስ ደግሞ ለሞት አደጋ ይጋለጣል።

አፍንጫው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ክፍል ነው፤ ሊረሳ ግን አይገባም። አፍንጫና ሳንባ አንድ የአየር መንገድ ናቸው፤ አብዛኞቹ የአስም ታማሚዎች የአፍንጫ ችግርም አለባቸው፣ ያልታከመ አፍንጫም አስሙን ያባብሳል። አሪያ የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ የአፍንጫ አለርጂን በሁለት መንገድ ይከፍላል። ምልክቱ በሳምንት ከ4 ቀን በታች ወይም በተከታታይ ከ4 ሳምንት በታች ከሆነ አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ ከሁለቱም ካለፈ የሚቆይ ይባላል። እንቅልፍን፣ ሥራን ወይም ትምህርትን የሚያውክ ከሆነ ደግሞ መካከለኛ ወይም ከባድ ነው። ቀለል ያለው መለኪያ ታማሚው ምቾት ማጣቱን 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ እንዲያመለክት ማድረግ ነው፤ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምናው መታየት ይኖርበታል። ፖርቱጋል ውስጥ የተዘጋጀው ካራት ሁለቱን በአንድ ቅጽ ያያል፦ ከ10 ጥያቄዎቹ 4ቱ የአፍንጫ፣ 6ቱ የደረት ናቸው፤ ከ30 ነጥብ ከ24 በላይ ያገኘ ጥሩ ቁጥጥር አለው። አፍንጫና አስም ላለበት አዋቂ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ይመስለኛል፤ ደረቱን ብቻ እያዩ አፍንጫውን መተውን ያስቀራል።

ውጤቱ ዝቅ ካለ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ታማሚው ኢንሄለሩን እንዴት እንደሚጠቀም ሐኪሙ ፊት እንዲያሳይ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙዎች ይሳሳታሉ። በተለመደው የሚጫን ኢንሄለር ዕቃው ይናጣል፣ አየር ወደ ውጭ ይተነፈሳል፣ ከንፈር የኢንሄለሩን አፍ ገጥሞ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ መሳብ እንደተጀመረ ይጫናል፣ ከዚያ ትንፋሽ እስከ 10 ሰከንድ ይያዛል። ከተሳበ በኋላ የሚጫን ከሆነ መድኃኒቱ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የአፍንጫ ስፕሬይም የራሱ ዘዴ አለው፤ ጫፉ አፍንጫን ለሁለት ወደሚከፍለው መካከለኛ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭኛው ጎን መዞር አለበት። ለቀኝ አፍንጫ ግራ እጅን፣ ለግራ አፍንጫ ቀኝ እጅን መጠቀም ይህን ያቀላል። ግድግዳው ላይ የሚረጭ ሰው አፍንጫው ይደማና መድኃኒቱን ይተዋል።

ዘዴው ከተስተካከለና የዘወትር መድኃኒቱ በየቀኑ መወሰዱ ከተረጋገጠ በኋላም ነጥቡ ካልተሻሻለ፣ ያኔ መጠኑን መጨመር ወይም ምርመራውን ከመሠረቱ ማየት ተገቢ ነው። ምዘናው ሕክምና በተጀመረ ከ1 እስከ 3 ወር ውስጥ ይደገማል፤ አስሙ ከተነሳ ደግሞ በ1 ሳምንት ውስጥ። ቁጥጥሩ ለ3 ወር ያህል ከጸና መድኃኒቱን በጥንቃቄ መቀነስ ይቻላል፤ የዘወትር መድኃኒት የሆነውን የስቴሮይድ ኢንሄለር በራስ ፈቃድ ጨርሶ ማቆም ግን አይመከርም።