የደለል ብክለት ምንድን ነው?

ወንዝ ባሕር ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። ይዞት የመጣውን ደለልም እዚያው ይጥላል። ከደለሉ ጋር እርሳስ፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ካድሚየምና አርሰኒክ አብረው ይቀመጣሉ፤ እነዚህን ሁሉ እዚህ በጥቅሉ ብረት እንላቸዋለን። መጠናቸው በተፈጥሮ ከሚጠበቀው አልፎ እዚያ ለሚኖረው ፍጥረት ጠንቅ ሲሆን፣ ደለሉ ተበክሏል እንላለን።

በደቡብ ምዕራብ ስፔን የሚገኘውን ሪዮ ቲንቶን እንውሰድ። ውሃው ቀይ ወይን ይመስላል። አሲድነቱም ከባድ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2.5 አካባቢ ነው። በወንዙ ራስጌ ማዕድን መቆፈር የተጀመረው ገና ከሮማውያን በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 የእንግሊዝ ኩባንያ ሲገባበት ደግሞ ቁፋሮው እጅግ ሰፋ። ድኝ ያለበት ድንጋይ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይወጣዋል። አሲዱ ብረቶቹን እያሟሟ ወደ ወንዙ ይለቃቸዋል። ሪዮ ቲንቶ ይህን ሁሉ ይዞ ወደብ በሆነችው ኡኤልቫ ከተማ ከኦዲኤል ወንዝ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያም አትላንቲክ ይገባል።

የባሕሩ ውሃ አሲዱን ሲያበርደው፣ የሟሟው አይረን (የሚዝገው ተራ ብረት) ወደ ዝገት ተለውጦ ይዘቅጣል። ሲወርድም አርሰኒኩን፣ እርሳሱንና ከመዳቡ የተወሰነውን ይዞ ነው። ዚንክና ካድሚየም ግን እንደዋዛ አይያዙም፤ እንደሟሙ ራቅ ብለው ይጓዛሉ። ስለዚህ ሁሉም ብረት አንድ ቦታ አይገኝም።

ልኬቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደቃቅ ጭቃ በተፈጥሮው ከአሸዋ የበለጠ ብረት ስለሚይዝ ሁለቱን ዝም ብሎ ማወዳደር ያሳስታል። ተመራማሪዎች የብረቱን መጠን በጭቃው ውስጥ ላለው አሉሚኒየም ያካፍሉና፣ ያገኙትን ቁጥር ብክለት ካልነካው ደለል በተገኘው ተመሳሳይ ቁጥር እንደገና ያካፍሉታል። ውጤቱ 1 አካባቢ ከሆነ ተፈጥሯዊ ነው። 10 ከደረሰ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ብዙ ብረት አለ ማለት ነው።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ብረቱ ምን ያህል ታስሯል የሚለው ነው። እንዲህ ያለውን ጭቃ በአካፋ ብትቆርጡት ላዩ ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ቡናማ ነው። ከሥሩ ጥቁር ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ኦክስጅን ያጣው ይህ ጥቁር ጭቃ ብዙዎቹን ብረቶች ከድኝ ጋር አጣብቆ ይይዛቸዋል። ካልተነካ ጉዳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለመርከብ መተላለፊያ ተብሎ ሲዛቅ ግን አየር ያገኘዋል፣ ብረቱም ይለቀቃል። ከዚያ ወደ ትሉና ወደ ኦይስተሩ (በቅርፊት ውስጥ የሚኖር፣ ሰው የሚበላው የባሕር እንስሳ)፣ ብሎም ወደ ሰው ማዕድ መድረሻ መንገድ ያገኛል። ጭቃው ከመዛቁ በፊት በኬሚካል ምርመራ ብቻ መወሰን የሌለበትም ለዚህ ነው። ትንንሽ የባሕር ፍጥረታትን ናሙናው ውስጥ ለ10 ቀን አኑሮ ስንቱ እንደተረፈ የመቁጠር ፈተና አለ።