ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ቢያፈርስ

ለገጣፎ ዳር ካሉት የዕቃ መሸጫዎች በአንዱ ለሶፋ 10,000 ብር ቀብድ ሰጡ እንበል። ሻጩ የተሻለ ዋጋ ላመጣ ሰው ሸጠና «ገንዘብዎን ይውሰዱ» አለ። ብዙዎች ተመስገን ብለው ይቀበላሉ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሁለቱንም ወገን ይይዛል። ገዢ ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል። ሻጭ ከተወ ደግሞ የተቀበለውን ዕጥፍ፣ እዚህ ላይ 20,000 ብር፣ ይመልሳል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ተብሎ እንዲጻፍ አጥብቀው ይጠይቁ፤ «ቅድሚያ ክፍያ» የሚለው ለክርክር በር ይከፍታል። ቤት ለመግዛት ከሆነ ግን ቀብድ ብቻውን አይበቃም፤ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት።