የተቀበረው መክሊትና ያልተከፈተው ደብተር

በጌታ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንዳንዶቻችሁ ወድቃችኋል። አንድ ትምህርት፣ ምናልባትም ሙሉ ዓመት። ሌሎቻችሁ ገና አልወደቃችሁም፤ ግን አሳይመንቱ ከተሰጠ ቆይቷል፣ እናንተም ዛሬ ነገ እያላችሁ ነው። ይህን የምጽፈው ለሁለታችሁም ነው።

ዛሬ ነገ ማለትን ስንፍና ብለን ቶሎ እናልፈዋለን። የእግዚአብሔር ቃል ግን ጠለቅ ብሎ ያየዋል። ማቴዎስ ምዕራፍ 25 ላይ ጌታ የነገረንን የመክሊት ምሳሌ አስቡ። አንድ ጌታ ለሦስት ባሪያዎቹ ገንዘቡን ሰጥቶ ሄደ፤ ለአንዱ አምስት መክሊት፣ ለሌላው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ። አንድ መክሊት የተቀበለው ሰው ገንዘቡን አላባከነም። አልሰረቀውም። ቀበረው። ለምን እንደቀበረው ራሱ ሲናገር “ፈራሁ” ይላል። ጌታውን የሚያየው ካልዘራበት እንደሚያጭድ ጨካኝ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ጌታ ፊት አክስሮ ከመቆም ጭራሽ አለመሞከር ይሻላል ብሎ አሰበ።

ይህ የስንቱ ተማሪ ታሪክ ነው! ደብተሩን የማይከፍተው ትምህርቱን ስለናቀ አይደለም። ከከፈተው ምን ያህል እንዳልገባው ሊያይ ነው። ሳያጠና ቢወድቅ “ባጠና ኖሮ አልፍ ነበር” ይላል፤ ይቺ ማጽናኛ ትቀርለታለች። አጥንቶ ቢወድቅስ ምን ሊል ነው? የሚያስፈራው ይሄ ነው። ስለዚህ ስልኩን ያነሳል። ሌሊቱ ይነጋል። አንዳንዴ ጸሎት እንኳ መሸሸጊያ ይሆናል፤ “ጌታ ሆይ እርዳኝ” ይላል፣ ደብተሩ ግን እንደተዘጋ ነው።

አንድ መክሊት ትንሽ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ። ወደ 6,000 ዲናር ነበር። ዲናር ደግሞ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። የ20 ዓመት ገደማ የሥራ ዋጋ ማለት ነው። የተሰጠውም “እንደ ዓቅሙ” ነው። ጌታው ከባለ አምስቱ ጋር አላወዳደረውም። እንዲያውም አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የሰሙት ምስጋና አንድ ነው። እኛ ነን አጠገባችን የተቀመጠውን ልጅ ውጤት እያየን የራሳችንን የምንንቀው።

ጌታው ፍርሃቱን ሰምቶ አልማረውም። “ክፉና ሃኬተኛ ባሪያ” አለው። ከባድ ቃል ነው፤ ላለዝበውም አልፈልግም። ግን ቀጥሎ ያለውን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። ቢያንስ ገንዘቡን በወለድ ለሚይዙ ለለዋጮች አደራ ልትሰጠው ይገባህ ነበር አለው። ሌላ አምስት መክሊት ለምን አላመጣህም አላለውም። የጠየቀው ትንሹን ነው!

ለእናንተም ትንሹ አለ። አንድ ገጽ ማንበብ። ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ። ያልገባችሁን ጥያቄ ይዛችሁ መምህሩ ጋ መሄድ። ባያምርም የጽሑፉን የመጀመሪያ አንቀጽ መጻፍ። ይህን ስታደርጉ ደግሞ የምታገለግሉት ማንን እንደሆነ አስቡ። “ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአል” ይላል ሮሜ 5፥8። ስትወድቁ የወደዳችሁ አምላክ በአንድ የፈተና ውጤት አይጥላችሁም። ይህን ያመነ ሰው ያልገባውን ነገር ለማየት ይደፍራል።

ምቹ ጊዜ አትጠብቁ። ገዢው ፊልክስ እስረኛው ጳውሎስ ሲናገር ፈራ፤ ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ ብሎም ሰደደው። ሁለት ዓመት አለፈ። ጉቦ ፈልጎ ደጋግሞ አስጠራው እንጂ ለንስሐ የተመቸው ቀን መጣ የሚል ቃል የለም። “ነፋስን የሚጠባበቅ አይዘራም” ያለው መክብብም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ወደቃችሁት ልምጣ። ዮሐንስ ማርቆስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለአገልግሎት ወጥቶ ጵንፍልያ ሲደርሱ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። በሚቀጥለው ጉዞ ጳውሎስ አልወስደውም አለ። በዚህ የተነሳ ሁለቱ ሐዋርያት እስኪለያዩ ድረስ ተጣሉ። ከዓመታት በኋላ ግን ያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል ይላል። በእነዚያ ዓመታት መካከል የሆነውን ሁሉ አልተነገረንም። ማርቆስ ግን እንደወደቀ አልቀረም።

ስለዚህ የተመለሰላችሁን የፈተና ወረቀት አትቅደዱት። አውጡት። በእግዚአብሔር ፊት ዘርግታችሁ እዩት። የቱ ጥያቄ ስላልገባችሁ ተሳሳታችሁ? የቱ ደግሞ ስላላነበባችሁት? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አስረጂ ይፈልጋል። ሁለተኛው ንስሐና የጥናት ሰዓት ይፈልጋል። ቤተሰባችሁ ውጤቱን ካላወቀ ንገሯቸው። የተደበቀ ውጤት ቀኑን ሙሉ ያስጨንቃል፣ ለማጥናትም ልብ አይሰጥም።

ያለፋችሁት ደግሞ በርናባስን አትርሱ። ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ በመርከብ የሄደው እሱ ነው። በኅብረታችሁ ውስጥ ውጤቱን ከሰማ ወዲህ የጠፋ ልጅ ካለ ደውሉለት። “እንጸልይልሃለን” ብላችሁ ብቻ አትዝጉት። መቼ አብራችሁ እንደምታጠኑ ተነጋገሩ፣ ደብተራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።