«ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»፦ የሃርፐር ሊ ልቦለድና የሞንሮቪል ከተማ

«ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» («ሞኪንግበርድን መግደል» ማለት ነው) በጁላይ 1960 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የሃርፐር ሊ ልቦለድ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ በአላባማ ግዛት የነበረውን የዘር መድልዎ በአንዲት ትንሽ ልጅ አንደበት ይተርካል። በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሲሆን ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። ሞኪንግበርድ የሌሎችን ወፎች ዜማ እየቀዳች የምትዘምር ወፍ ናት። በልቦለዱ ውስጥ የአየር ጠመንጃ ያገኙት ልጆች ይህችን ወፍ መግደል ኃጢአት እንደሆነ ከአባታቸው ይሰማሉ። ጎረቤታቸው ምክንያቱን ስትነግራቸው ወፏ የሰው አትክልት አትበላም፣ ጎተራ ውስጥም ጎጆ አትሠራም፣ ሥራዋ መዘመር ብቻ ነው ትላለች።

ታሪኩ በ1930ዎቹ፣ በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን፣ ሜይኮም በምትባል የፈጠራ ከተማ ይፈጸማል። ተራኪዋ ስካውት ፊንች ሲጀመር ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት። የሚያሳድጓት ጠበቃው አባቷ አቲከስና ጥቁሯ ምግብ አብሳይ ካልፐርኒያ ናቸው። መጽሐፉን በዝና ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የችሎት ታሪክ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው እኩሌታ ግን በአብዛኛው ስካውት፣ ወንድሟ ጄምና የክረምት ጓደኛቸው ዲል ከቤት የማይወጣውን ጎረቤት ቡ ራድሊን ለማየት ሲሹለከለኩ የሚያሳልፉት ጊዜ ነው።

ከዚያ ክሱ ይመጣል። ጥቁሩ ሠራተኛ ቶም ሮቢንሰን ማየላ ዩዌል የተባለችውን ነጭ ወጣት አስገድዶ ደፍሯል ተብሎ ተከሰሰ፤ አቲከስም በፍርድ ቤት ተመድቦ ጥብቅና ይቆምለታል። በመስቀለኛ ጥያቄው የማየላ ፊት የተመታው በቀኝ በኩል መሆኑን ያስመሰክራል። አባትየው ቦብ ዩዌልም ስሙን እንዲጽፍ ሲጠየቅ ብዕሩን በግራ እጁ ይይዛል። የቶም ግራ ክንድ ደግሞ በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ስለያዘው የሰለለ ነው። ቶምን ግን የጎዳው ከማስረጃው ይልቅ አንድ ቃል ነው። ለምን በነፃ ትረዳት እንደነበር ሲጠየቅ «አዘንኩላት» ይላል፤ ጥቁር ሰው ለነጭ ማዘኑን ዐቃቤ ሕጉ እንደ ድፍረት ያራግበዋል። ነጭ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ (ጥፋተኛነትን የሚወስኑ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ጉባኤ) ለሰዓታት ተማክሮ ጥፋተኛ ይለዋል። በጥቁሮች ሰገነት ተቀምጦ «አሸንፈናል» ሲል የቆየው ጄም ያለቅሳል። ቶም ከእስር ቤት ሊያመልጥ ሲል 17 ጥይት ተተኩሶበት ይሞታል። በመጨረሻም ዩዌል ልጆቹን በጨለማ ሲያጠቃ የሚያድናቸው ቡ ራድሊ ነው፤ ሸሪፉም ዩዌል በገዛ ቢላዋው ላይ ወድቆ ሞተ ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በሕግ ሰዎች ዘንድ ይህን ያህል የተወደደ መጽሐፍ ነገሩ ለፍርድ ቤት ሳይቀርብ ማለቁ ያስገርማል።

ሊ የተወለደችው በ1926 በአላባማዋ ሞንሮቪል ሲሆን የዲል አምሳያ ጎረቤቷ የነበረው ደራሲ ትሩማን ካፖቲ ነው። ጠበቃ አባቷ በ1919 በግድያ ለተከሰሱ ሁለት ጥቁሮች ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም ተሰቀሉ። በ1931 ደግሞ በስኮትስቦሮ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ሁለት ነጭ ሴቶችን በባቡር ላይ ደፈሩ ተብለው ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። ከሴቶቹ አንዷ ቃሏን ብታጥፍም ክሱ ለዓመታት ቀጥሏል። ሊ ኒው ዮርክ ውስጥ የአየር መንገድ ትኬት ክፍል ሠራተኛ ሳለች፣ በ1956 የገና ዕለት ወዳጆቿ የአንድ ዓመት ደመወዟን የሚያክል ገንዘብ ስለሰጧት ሥራዋን ትታ መጻፍ ጀመረች። መጽሐፉ የወጣው በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ጥቁሮች የዘር መድልዎን ተቃውመው አውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበት አድማ ካበቃ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። በ1962 ፊልም ሆኖ ሲወጣ አቲከስን የተጫወተው ግሪጎሪ ፔክ ኦስካር ወሰደ።

በ1966 በቨርጂኒያ አንድ የትምህርት ቦርድ መጽሐፉን «ከሥነ ምግባር የወጣ» ብሎ ሊያግደው ሞክሯል። የኋለኞቹ ተቃውሞዎች መነሻቸው ሌላ ነው። ጥቁሮችን የሚያዋርደው ስድብ በተደጋጋሚ መምጣቱ አንዱ ቅሬታ ሲሆን፣ ከዚያ የሚከብደው ግን ጥቁሮቹ የሚያድናቸውን ነጭ ሰው ከመጠበቅ በቀር ድርሻ የላቸውም የሚለው ነው። ይህ ትችት እውነት አለው። ቶም ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ እኛ ግን ድምፁን በደንብ የምንሰማው በችሎት ሲጠየቅ ብቻ ነው። ስካውት የምታየው አባቷን ነው፤ መጽሐፉን ተወዳጅ ያደረገውም ያጠበበውም ይኸው የልጅ ዓይን ነው። ከዚህ ልቦለድ በፊት የተጻፈው «ጎ ሴት ኤ ዋችማን» በ2015 ሲታተም ስካውት አድጋ አባቷን በነጮች የበላይነት አራማጆች ስብሰባ ላይ ታገኘዋለች፤ ብዙ አንባቢ በዚህ ተቀይሟል። ሊ በ2016 በ89 ዓመቷ ዐረፈች።

የሞንሮቪል አሮጌ ፍርድ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የፊልሙም ችሎት የተሠራው እሱን አስመስሎ ነው። በየዓመቱ የከተማው ሰዎች ታሪኩን በተውኔት ያቀርባሉ፤ ለጁሪነትም ከተመልካች መካከል 12 ወንዶች ይጠራሉ። ተውኔቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲጀመር የዚያው አካባቢ ጥቁር ነዋሪ ዋልተር ማክሚሊያን የሞት ፍርደኛ ነበር። አንዲት ነጭ ወጣት ገድለሃል ተብሎ ነው። ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት ቤቱ እንደነበረ ብዙ ጥቁሮች ቢመሰክሩለትም ሰሚ አላገኙም፤ ጁሪው የዕድሜ ልክ እስራት ቢልም ዳኛው ወደ ሞት ለወጠው። ዋናው ምስክር መዋሸቱን ካመነ በኋላ፣ በጥቁሩ ጠበቃ በብራያን ስቲቨንሰን ክርክር በ1993 ነፃ ወጥቷል።