ሁለት የሰዓት ሰርቨር ካለን ምን እንሆናለን?

«ሁለት የሰዓት ሰርቨር አለን፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል።» ይህን ስንቴ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። እመለስበታለሁ፤ ትንንሾቹን ላስቀድም።

ኤንቲፒ (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ከሰዓት ሰርቨር ሰዓት የሚቀበሉበት ሥርዓት) የሰዓት ሰቅ ያስተካክላል? አያስተካክልም። የሚያመጣው ዩቲሲን፣ ማለትም የዓለም መነሻ ሰዓትን፣ ብቻ ነው፤ ሰቁን የሚጨምረው ኮምፒውተራችሁ ነው። ሰዓቱ ድፍን አንድ ሰዓት ከተዛነፈ ሰርቨሩን አትውቀሱ፣ ሴቲንጋችሁን እዩ።

ኔትወርክ ሲዘገይ ሰዓቱም ይዘገያል? የደርሶ መልስ ጊዜው እየተለካ ይታሰባል። የሚያስቸግረው መሄጃው ፈጥኖ መመለሻው ሲንቀረፈፍ ነው።

ስትራተም 1 የተባለ ሰርቨር ሁልጊዜ ከስትራተም 3 ይሻላል? ቁጥሩ የሚናገረው ከዋናው ሰዓት በስንት እርከን እንደሚርቅ እንጂ ጥራትን አይደለም።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰርቨሮች። አንዱ 4:00፣ ሌላው 4:07 ቢላችሁ ማንን ታምናላችሁ? ኮምፒውተሩም እንደ እናንተው ግራ ይገባዋል። ኤንቲፒ የሚፈርደው በብዙኃን ነው። የሚስማሙትን ይይዛል፣ አፈንጋጩን ይጥላል። ሁለት ብቻ ሲሆኑ ብዙኃን ከየት ይመጣል?

አንድ የሠራሁበት ቢሮ ጠዋት ግማሹ ሰው ሲስተም መግባት አቃተው። ፓስወርድ ሲቀየር ረፈደ። እኔ ራሴ ለአንዱ ሦስቴ ቀይሬለታለሁ። ኋላ ላይ ሲታይ ከሁለቱ የሰዓት ሰርቨሮች አንዱ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ) ነው፤ ሌሊት ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ተነስቷል። ፋየርዎሉ ላይ የኤንቲፒ መልእክት የሚያልፍበት ዩዲፒ ፖርት 123 ስለተዘጋበት ከውጭ የሚያርመው የለም። 7 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ በልበ ሙሉነት ሰዓት ያድላል! ጠዋት ሲበሩ እሱን ቀድመው ያገኙት ኮምፒውተሮች ተከተሉት። ሲስተም የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያጣራው ከርቤሮስ ደግሞ ካልቀየራችሁት በቀር ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። ፓስወርዶቹ ምንም አልነበሩም።

ስለዚህ አራት አድርጉ። ሦስት ቢሆኑ አንዱን ውሸታም ይለያሉ፤ አራተኛው አንዱ የጠፋ ቀን ይደርሳል። አራቱም ሰዓታቸውን ከአንድ ቦታ የሚቀዱ ከሆነ ግን አራት ሳይሆን አንድ ነው ያላችሁ። ደግሞ በየጠዋቱ በእጅ አታስተካክሉ። ኤንቲፒ ትንሽ ልዩነትን ቀስ እያለ የሚያቃናው ሰንፎ አይደለም፤ ሰዓት ድንገት ወደ ኋላ ሲዘል ዳታቤዝ ይምታታል።

ክሮኒ የተባለውን የኤንቲፒ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የምንጮቹን ዝርዝር አውጡ። ኮከብ ያለበት የተመረጠው ነው፤ ኤክስ ያለበት የተጠረጠረው። ሁሉም ፊት የጥያቄ ምልክት ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ መልስ እየመጣላችሁ አይደለም፤ ከፋየርዎሉ ጀምሩ።