የድሮ ሸክላና ካሴት ፍለጋ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

የድሮ ሸክላ ፍለጋ ከገበያ ከጠፉ ብዙ ዓመት የሆናቸውን የሙዚቃ ሸክላዎች፣ እንዲሁም እነርሱን የተኩትን ካሴቶችና በትልቅ ጥቅል ላይ የተቀዱትን የሪል ክሮች ከየቤቱና ከየሱቁ አፈላልጎ የማግኘት፣ የማዳመጥና የማቆየት ልማድ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ይህ ልማድ የራሱ መልክ አለው። አዲስ አበባ የአሳታሚዎቹ፣ የሙዚቃ ቤቶቹና የኦርኬስትራዎቹ ከተማ ስለነበረች እዚያ ፈላጊው በቅድሚያ የሚያስበው ነጋዴን ነው። ባሕር ዳር ግን ሸክላው በአብዛኛው የመጣው በመንገደኛ ሻንጣ፣ ለቤት ተብሎ ተገዝቶ ነው፤ ስለዚህ የሚገኘውም ከሰው ቤት፣ የሚታወቀውም ከባለቤቱ አንደበት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚይዘው አቋምም ከዚሁ የሚነሳ ነው፦ በጣና ዳር አንድ ሸክላ ወይም ካሴት ያለ ባለቤቱ ታሪክ ከተወሰደ ግማሹ ጠፍቷል።

የአገሪቱ የሸክላ ታሪክ ረጅም ሲሆን ሸክላ በብዛት የታተመበት ዘመን ግን በጣም አጭር ነው። ከመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ቅጂዎች መካከል የሚጠቀሱት ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ግድም፣ እዚያው ያስቀረጿቸው ዘፈኖች ናቸው። እነዚህ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ፣ ከእጅ ካመለጡ እንደ ገል የሚሰባበሩ ሸክላዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ። ይህን ሥርዓት ደፍሮ የተሻገረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ በየገጹ አንድ አንድ ዘፈን የሚይዙ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና ሙሉ አልበም የሚይዙ ወደ 12 የሚጠጉ ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ፤ የሆላንዱ ኩባንያ ፊሊፕስና አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት አሊ አብደላ ካይፋ ያቋቋሙት ካይፋ ሪከርድስም በዚያው ዘመን ሠርተዋል። የዘመኑን ሙዚቃ አብዝቶ ያጠናው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚለው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ የወጡት ሸክላዎች ጠቅላላ 500 ገደማ ትንንሽና 30 ገደማ ትልልቅ ብቻ ናቸው። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ሕንድ፣ ወደ ሊባኖስና ወደ ግሪክ እየተላከ ታትሞ ይመለስ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሸክላ ባሕር ዳር ለመድረስ ገና የአባይን በረሃ ማቋረጥ ይቀረው ነበር።

ባሕር ዳር ሸክላ የሚገዛና የሚያጫውት ነዋሪ ያገኘችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክና የጢስ አባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሥራ ጀመሩ። ፋብሪካው በወር ደመወዝ የሚያድር ሠራተኛ አመጣ፤ ትምህርት ቤቱ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የተሰባሰቡ መምህራንንና ተማሪዎችን አመጣ፤ ጢስ አባይ ደግሞ መብራት። በእጅ የሚጠመዘዘው ግራሞፎን ኤሌክትሪክ ባይፈልግም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሽ የፕላስቲክ ሸክላ በወጉ የሚያሰማው ባለ ኤሌክትሪክ ማጫወቻ ነው። በከተማዋ ፈላጊዎች በመጀመሪያ የሚያንኳኩት የቀድሞ መምህራንን፣ የፋብሪካ ጡረተኞችንና የቡና ቤት ባለቤቶችን ቤት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሶቪየት መምህራን የኖሩባት፣ ልጆቿም ለትምህርት ወደ ሞስኮና ወደ ኪየቭ የተላኩላት ከተማ በመሆኗ ከአማርኛው ሸክላ አጠገብ ሜሎዲያ የተባለው የሶቪየት አሳታሚ ሥራዎች ቢገኙ የሚያስገርም አይሆንም፤ ሰብሳቢዎች ግን እነዚህን ብዙ ጊዜ ሳያዩ ያልፏቸዋል። ይህ ትክክል አይመስልም፤ የአንድ ቤት የሸክላ ስብስብ ባለቤቱ የኖረበትን ዘመን የሚያሳየው ሳይነጣጠል ሲታይ ነውና።

የ1966ቱ አብዮትና ተከትሎት የመጣው የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃውን አዳከሙት፤ ሸክላ ማሳተምም ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቆመ። ቦታውን የወሰደው ካሴት ነው። ካሴት በጣና ዙሪያ ያመጣው ለውጥ ከሸክላው ይበልጣል ማለት ይቻላል። ሸክላ በመብራትና በከተማ የታሰረ ነበር። ካሴት ግን በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ በጀልባ ወደ ደቅና ወደ ዘጌ፣ በሐይቁ ማዶም ወደ ጎርጎራ ተሻግሮ መብራት በሌለበት መንደር ሊሰማ ይችል ነበር። ከዚህም በላይ ካሴት ባዶውን ተገዝቶ ማንም ሰው የፈለገውን ድምፅ የሚቀዳበት ነው። ይህ ባሕርይ ኋላ ላይ ለፈላጊው ትልቁ ሀብትም ትልቁ ችግርም ሆኗል።

ባሕር ዳርን በዓለም ካሴት አፍቃሪዎች ዘንድ ያስጠራት አንድ ግኝት አለ። የዋሊያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ሆነው የልጅነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው የቆዩ ዜማዎችን ቀረጹ፤ ሥራው በአገር ቤት በካሴት ተሸጦ ከጊዜ በኋላ ተረሳ። የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስበው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ይህን ካሴት ያገኘው ባሕር ዳር ውስጥ የቆዩ ካሴቶችን ሲያገላብጥ ነው። ሙዚቀኛውን ሲያፈላልጋቸው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሰው በልዩ ልዩ አገሮች ተጫወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ። ከዚህ ታሪክ መያዝ ያለበት ነገር ካሴቱ የተገኘበት ቦታ ነው። በዋሽንግተን ተቀርጾ የተረሳው ድምፅ ተጠብቆ የቆየው ማንም ሰብሳቢ ባላሰበበት፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የካሴት ክምር ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አዲስ ሲመጣ አሮጌው ቶሎ ይወገዳል፤ ባሕር ዳር ላይ ግን ያልተሸጠው ካሴት ከመደርደሪያው ሳይነሳ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ፍለጋው በተግባር ሲታይ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሲዲና ስልክ ከመጡ ወዲህ ካሴት ቤቶቹ ተዘግተው ወይም ወደ ሞባይል ጥገና ተለውጠው ስለሚገኙ፣ የቀድሞው ባለሱቅ ቀሪ ዕቃውን የት እንዳኖረው መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከዚያ የሚቀጥሉት ቁራሌዎችና ልዋጮች ናቸው። አሮጌ ዕቃ ከየሰፈሩ የሚሰበስቡት እነርሱ ስለሆኑ፣ የተሰበረ ማጫወቻ ከየትኛው ቤት እንደወጣ የሚያስታውስ አንድ ቁራሌ ለፈላጊው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይጠቅመዋል፤ ማጫወቻ ከወጣበት ቤት ሸክላውም አይታጣምና። ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንጋፋ ባለሙያዎችም እንዲሁ የሰፈሩን የድምፅ ዕቃ ታሪክ በቃላቸው የያዙ ሰዎች ናቸው።

ወደ ቤት ሲገባ ወግ አለ። ሸክላ ያላቸው ሰዎች በዕድሜ የገፉ በመሆናቸው ፈላጊው ጋሼ፣ እትዬ ወይም እማማ ብሎ ይጀምራል፤ በሚያውቃቸው ሰው መቅረቡም ይመረጣል። በመጀመሪያው ቀን ዋጋ አይነሳም፤ ቡና ይጠጣል፣ ሸክላው ይወርዳል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ባለቤቱም የት እንደገዙት፣ ማን ሰርግ ላይ እንደተጫወተ፣ ማን ተውሶ እንዳልመለሰ ያወራሉ። ማጫወቻው ከተበላሸ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው የራሱን ሸክላ ሳይሰማ ኖሯል። ስለዚህ የሚሠራ ማጫወቻ ይዞ መሄድና መጀመሪያ ለባለቤቱ ማሰማት መልካም ልማድ ነው፤ በጨዋታው መሃል የሚነሳው ወሬ ደግሞ በየትም ያልተጻፈ ነው።

ሸክላውን ለመለየት መሃሉ ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት ይነበባል። የአምሃ ሥራዎች መለያ ቁጥር በአሳታሚው ስም መነሻ ፊደላት፣ የካይፋም እንዲሁ በራሱ ፊደላት ይጀምራል። ረዘም ያለ ዘፈን በትንሽ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ ስለማያልቅ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም ገጽ የተቀረጸበት ጊዜ አለ። የታተመበት አገር ስም፣ የባንዱ ስም፣ አንዳንዴም በቀድሞው ባለቤት እጅ የተጻፈ ስምና ቀን ይገኛል። ይህን የእጅ ጽሑፍ ሻጮች እንደ ጉድፍ ቆጥረው ይፍቁታል፤ ፈጽሞ ሊፋቅ አይገባውም።

የጣና ዳርቻ አየር ለሸክላም ለካሴትም ምቹ አይደለም። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ዝናቡ የበዛ ስለሆነ በቆርቆሮ ቤትና በጭቃ ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ ወረቀት ሽፋን ይሻግታል፤ ሻጋታው ወደ ሸክላው ጎድጓዳ መስመር ሲገባ ድምፁን ያንኮሻኩሸዋል። በበጋ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት የፕላስቲኩን ሸክላ ያጣምመዋል፤ ተደራርቦ በጀርባው የተኛ ሸክላም በክብደት ይጎብጣል። ስለዚህ ሸክላ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የማጀት ጭስና የማሽን ዘይትም የሚተዉት ቅባት አቧራውን ያጣብቀዋል። የተለመደው አጠባበቅ በንጹሕ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ጥጥ፣ መስመሩን ተከትሎ፣ የመሃሉን ወረቀት ሳያረጥቡ ማጽዳት ነው። ጥንታዊው ባለ 78 ሸክላ ግን በአልኮል ከተነካ ይሟሟል፤ በዚህ ምክንያት የተበላሸ ሸክላ መልሶ የሚድንበት መንገድ የለም። የባለ 78ቱና የፕላስቲኩ ሸክላ መርፌም አንድ አይደለም፤ የ78ቱ መስመር ሰፊ ስለሆነ የራሱን መርፌ ይፈልጋል፤ የግራሞፎን የብረት መርፌ በፕላስቲክ ሸክላ ላይ ከተጫወተ ደግሞ መስመሩን ቆፍሮ ያጠፋዋል። የካሴት ጉዳት ቀለል ይላል፦ ክሩ ሲበጠስ ይቀጠላል፣ ሲላላ በእስክሪብቶ ይጠቀለላል፣ ቀፎው ሲሰበር ክሩ ወደ ሌላ ቀፎ ይዛወራል።

የካሴት ትልቁ ጠላት በላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት ነው። የታተመ ካሴት እንዳይቀዳበት ከጀርባው የተሰበረውን ቀዳዳ በወረቀት ወይም በፕላስተር ደፍኖ እንደ ባዶ መጠቀም በየቤቱ የተለመደ ነበር። ፈላጊው በሽፋኑ ተማምኖ የገዛው ካሴት ሲከፈት የሬዲዮ ድራማ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በጣና ዳር የሚገኘው ውድ ነገር ብዙ ጊዜ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሽፋኑ ላይ ስም የሌለው ካሴት የሰርግ ቀን አዝማሪ በማሲንቆ ሙሽራውን ሲያወድስ፣ የሠፈሩን ሰው በስም እየጠራ ሲሞጋገስና ሲሸነቋቆጥ የተቀዳበት ሊሆን ይችላል፤ የልቅሶ ሙሾ፣ የቀረርቶና የፉከራ ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ውጭ አገር ለሄደ ልጅ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ቅሪት ሊሆን ይችላል። ጎጃም የቅኔ አገር፣ የጣና ዙሪያም የዜማ ትምህርት የኖረበት ምድር በመሆኑ ተማሪ የመምህሩን ድምፅ የቀዳበት ካሴት ተገኝቶ እንደሆነ በዋጋ የሚተመን አይደለም። የአምሃ ወይም የካይፋ አንድ ሸክላ ቢሰበር በሌላ ከተማ፣ በሌላ ቤት ሌላ ቅጂ አለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአንድ ግቢ የተቀዳ የአዝማሪ ጨዋታ ግን ቅጂው ያ አንድ ካሴት ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች ገንዘባቸውንና ድካማቸውን ለታተመው ሥራ ብቻ ማዋላቸው በዚህ ልማድ ውስጥ ያለው ዋና ጉድለት ነው።

ለዚህ ጉድለት አንዱ ምክንያት የውጭ ገበያ ነው። ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው «ኢትዮጲክስ» የተሰኘው የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች ተከታታይ ሕትመት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ መሰማቱ፣ የአማርኛ ሸክላን በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ አደረጉት። ይህ ብዙ ሥራዎችን ከመጥፋት አድኗል፤ ምስጋናውም የሚገባ ነው። በሌላ በኩል ዋጋውን ያላወቀ ባለቤት ሸክላውን በጥቂት ብር ሸጦ ዳግም ሳያየው ይቀራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአቀናባሪውን፣ የዘፋኙንና የአሳታሚውን መብት ስለሚጠብቅ አንድን አሮጌ ሥራ ያገኘ ሰው መብቱ ጸንቶ ሳለ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ ለገበያ እንደገና ሊያባዛው አይችልም፤ የቤት ውስጥ ቅጂ ሲሆን ደግሞ በካሴቱ ላይ ድምፃቸው ያለው አዝማሪና የቤቱ ቤተሰብ ሊጠየቁ ይገባል።

ተገቢው አሠራር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚሠራ ማጫወቻ ወይም ቴፕ ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፤ ድምፁ ሳይታረምና ሳይቆራረጥ እንዳለ ይቀዳል፤ የሽፋኑና የመሃል ወረቀቱ ፎቶግራፍ ይነሳል። ከድምፁ ጋር በአንድ ፋይል የሚቀመጠው የጽሑፍ መግለጫ ባለቤቱ ማን እንደሆኑ፣ በየት ከተማና በስንት ዓመተ ምሕረት እንዳገኙት፣ በየትኛው ግብዣ እንደተጫወተ፣ በካሴት ከሆነ የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነና በስሙ የተጠራው ሰው ከማን ቤት እንደነበረ በራሳቸው በባለቤቱ ቃል ይይዛል። አንድ ቅጂ በፍላሽ ለቤተሰቡ ይቀራል፤ ዋናው ዕቃ ባለቤቱ ካልፈቀዱ በቀር ከቤቱ አይወጣም።