«ሰውነቴን ትንሽ ላሳርፈው» እና ሌሎች የፒልስ ወሬዎች

ሰኞ ማታ ፋርማሲውን ልዘጋ ስል አንዲት ሴት ገባች። ደንበኛዬ ናት። በየወሩ እየመጣች አንድ ፓኬት ፒልስ ትወስድ ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን አላየኋትም። ዞር ዞር ብላ ሌላ ሰው አለመኖሩን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የእርግዝና መመርመሪያ ስጪኝ» አለችኝ።

«ፒልሱስ?» አልኳት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስውጥ ኖርኩ እኮ። ሰውነቴን ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ነው።»

በማግስቱ ደወለች። ሁለት መስመር ወጥቷል። ይረፍ የተባለው ሰውነት የዘጠኝ ወር ሥራ ተሰጠው።

ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። «ላሳርፈው» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። ዛሬ ስለሱ ልጽፍ ነው። መንገድ ላይ ሌሎቹንም ወሬዎች አነሳለሁ።

መጀመሪያ ስለየትኛው ፒልስ እንደማወራ እንግባባ። ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች ያሉበት፣ በየቀኑ የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ፓኬት 28 ፍሬ አለው። 21ዱ ሆርሞን ያለባቸው ናቸው። 7ቱ ቡናማዎች ደግሞ የብረት ኪኒን ናቸው፤ ሆርሞን የለባቸውም።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልጨርስ።

«እንክብሉ ማህፀን ውስጥ ይከማቻል።» አይከማችም። የዋጥሽው በአፍሽ ነው፤ የሚሄደውም ወደ ሆድ ነው። እዚያ ይሟሟል፣ ጉበት ይሰባብረዋል፣ ይወጣል።

«ባሌ ሲመጣ አንድ እውጣለሁ።» ባሏ ሾፌር የሆነ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ቅዳሜ ይመጣል፣ ዓርብ ማታ ትውጣለች። ፒልስ የሚሠራው እንቁላል እንዳይወጣ በማድረግ ነው። ያ ደግሞ በየቀኑ መዋጥ ይፈልጋል። የዓርቧ አንድ ፍሬ ምንም አታደርግላትም።

«ከኤችአይቪም ይከላከላል።» አይከላከልም። ለእሱ ኮንዶም ነው።

«ያወፍራል።» ይህን ብዙ ጊዜ ሲያጠኑት ፒልሱ ለውፍረት ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ የማበጥ ስሜት ሊኖር ይችላል። ማድያት ግን ወሬ አይደለም። አንዳንድ ሴት ላይ በእርግጥ ይወጣል፤ ፀሐይ ደግሞ ያባብሰዋል። እውነት የሆነውን እውነት ነው እላለሁ።

«ካንሰር ያመጣል።» ይህ ግማሽ በግማሽ ነው። በሚወሰድበት ጊዜ የጡት ካንሰር ዕድልን በትንሹ ከፍ ያደርጋል። ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ የማህፀን በር ካንሰርንም እንዲሁ። የእንቁላል ማምረቻን እና የማህፀን ግድግዳን ካንሰር ግን ይቀንሳል፤ መከላከሉም ካቆሙት በኋላ ለዓመታት ይቆያል። ወሬው ሁለተኛውን ክፍል ሁሌም ይረሳዋል።

አሁን ወደ እረፍቱ።

ነገሩ ከሰማይ አልወረደም። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1960 የተፈቀደው የመጀመሪያው ፒልስ 150 ማይክሮግራም ኢስትሮጅን ነበረው። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ 30 ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሞቹ ራሳቸው «በየጊዜው አቁሙት» ይሉ ነበር። መድኃኒቱ ተለወጠ። ምክሩ ግን ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ እኛ ሰፈር ደረሰ፤ እስከ ዛሬም ከዚያ አልወጣም።

ሰውነትሽ ውስጥ የሚጠራቀም ነገር የለም። ብታቆሚ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ይወጣል። ለዚህ እኮ ነው ቡናማዎቹ ላይ ስትደርሺ ደም የሚመጣው። ያ ደም የተለመደው የወር አበባ አይደለም፤ ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ ነው። እረፍት ካማረሽ በየወሩ ሰባት ቀን ፓኬቱ ውስጥ ተቀምጦልሻል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እረፍቱ ራሱ አደጋ ማምጣቱ ነው። ሴቶች የሚፈሩት ደም መርጋትን ነው፤ መፍራታቸውም ትክክል ነው። ቁጥሩን ልንገርሽ። ፒልስ ከማይወስዱና እርጉዝ ካልሆኑ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉ ደም ይረጋባቸዋል። ሌቮኖርጀስትሬል የሚባለው ፕሮጀስቲን ያለበትን የተለመደውን ፒልስ ከሚወስዱት ከ5 እስከ 7። በእርግዝና ጊዜ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከሁለቱም በጣም ይበልጣል። ፒልሱ ላይ ያለው አደጋ ደግሞ ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ አቁመሽ እንደገና ስትጀምሪ ግን እንደ አዲስ ከፍ ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ተሻግረሽው የመጣሽውን ወንዝ ተመልሰሽ እንደገና መሻገር ማለት ነው። ይህንን ነው «ማሳረፍ» የምትሉት።

የእረፍቱ የጾም ወንድምም አለ። በዓቢይ ጾም ብዙ ባልና ሚስት ይታቀባሉ። እሷም «ምን ያደርግልኛል» ብላ 55 ቀን ታቆማለች። ከዚያ የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ፣ ዶሮ፣ እና የቀረውን ታውቁታላችሁ። ፒልሱን የምትጀምረው ያን ዕለት ጠዋት ነው። በግንቦትና በሰኔ መመርመሪያ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅብኝ አሁን ገባችሁ። እኔ የምመክረው ባታቆሚው ነው። ካቆምሽ ደግሞ ቢዘገይ በሆሳዕና ዕለት ጀምሪ፤ ለመከላከል ሰባት ተከታታይ ቀን ያስፈልገዋልና። ለጾም ሰዓት የምትጨነቂ ከሆነ ማታ ልትተኚ ስትይ ዋጪው። በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ነው። ጠዋት መሆን አለበት ያለሽ የለም፤ የሚፈለገው በየቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን «ላሳርፈው» ከምትለኝ ሴት ግማሿ የምትፈራው ሌላ ነገር ነው። መካንነት። ቃሉን አፍ አውጥታ አትለውም። የአክስቴ ልጅ ከሠርጓ በፊት አንድ ዓመት ፒልስ ወሰደች። አማቷ ሰሙና «በገዛ እጇ ማህፀኗን አደረቀችው» አሉ። ልጅቷ ስታለቅስ ሦስት ቀን ሰነበተች። ሠርጓ ካለፈ በአምስተኛው ወር ፀነሰች። አማቷ አሁን ሕፃኑን ሲያቅፉ ያንን ወሬ ያነሱት እሳቸው መሆናቸውን አያስታውሱም።

ወሬው ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። እኛ አገር በብዛት የሚወሰደው መርፌው ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ከቆመ በኋላ ማርገዝ ከሌሎቹ ይልቅ በአማካይ አራት ወር ያህል ይዘገያል። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ታዲያ አንዷ በመርፌው ስትዘገይ የሰፈሩ ሴት ሁሉ «መከላከያ ያመክናል» ትላለች። ፒልሱም አብሮ ይወቀሳል። ፒልስ ስታቆሚ እንቁላል ማውጣት ቶሎ ይመለሳል። የሰኞዋን ሴት ጠይቋት።

ሌላው ክፍተት የሚፈጠረው በሁለት ፓኬት መካከል ነው። «ደሙ ሳይቆም አዲሱን አልጀምርም» የሚሉ አሉ። ይህ ስህተት ነው። ቡናማዎቹ እንዳለቁ፣ ደም ቢኖርም ባይኖርም፣ በማግስቱ አዲሱን ትጀምሪያለሽ። ቡናማዎቹን ብትረሺ ብዙም ግድ የለም፤ ብረት ነው የቀረብሽ። የአዲሱን ፓኬት የመጀመሪያ ፍሬዎች ብትረሺ ግን ሰባቱ ቀን አሥር ሆነ ማለት ነው፤ እንቁላሉ የሚያመልጥሽም ያኔ ነው።

ከረሳሽ እንዲህ አድርጊ። ሆርሞን ካለባቸው አንድ ወይም ሁለት ከረሳሽ፣ እንዳስታወስሽ አንዱን ዋጪ፣ ቀሪውን በሰዓቱ ቀጥዪ። በአንድ ቀን ሁለት መዋጥ ሊሆን ይችላል፤ ችግር የለውም። ሦስትና ከዚያ በላይ ከረሳሽ፣ አንዱን ዋጪና ቀጥዪ፣ ሰባት ቀን ደግሞ ኮንዶም ጨምሪበት። ይህ የሆነው በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ቡናማዎቹን ተያቸውና በቀጥታ ወደ አዲሱ ፓኬት እለፊ። በመጀመሪያው ሳምንት ሆኖ ግንኙነት ከነበረ የድንገተኛው መከላከያ ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ ሳትዘገዪ ነይ። ከዋጥሽ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ሌላ ፍሬ ዋጪ። ስልክሽ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚጮህ ደወል ሙዪ። ብዙ ሴት ያዳነው ይኼው ደወል ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያናድደኝ። «የእህቴን ነው የምወስደው።» ፒልስ ጨው አይደለም፣ ከጎረቤት አይበደሩትም። አንዲት የ38 ዓመት ሴት የታናሽ እህቷን ፓኬት ይዛ መጣች፤ «ይኼንኑ ስጪኝ» አለች። ጠረጴዛው ላይ የግፊት መለኪያ አለኝ። ክንድሽን ስጪኝ አልኳት። እየተነጫነጨች ሰጠችኝ። 165 በ105። አንድም ቀን ተለክታ አታውቅም ነበር። ፒልሱን አልሰጠኋትም፤ ሐኪም ጋ ላክኋት። ተቆጥታ ነው የወጣችው። በሦስተኛው ሳምንት የግፊት መድኃኒት ማዘዣ ይዛ ተመለሰች፤ ስለ ፒልሱ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁባት።

ስለዚህ ግፊትሽ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይህ ፒልስ ያንቺ አይደለም። ዕድሜሽ 35 አልፎ ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነም እንዲሁ። ከራስ ምታትሽ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ወይም ዚግዛግ መስመር የሚታይሽ ከሆነ አትጀምሪው፤ የስትሮክ ነገር አለው። ከዚህ በፊት ደም ረግቶብሽ ካወቀ፣ የጡት ካንሰር ወይም ከባድ የጉበት ሕመም ካለብሽም አይሆንም። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የምታጠቢ ከሆነ ለአጥቢ እናት የሚሆነው አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው ፒልስ አለ፤ መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም አለ። አማራጭ ሞልቷል።

እየወሰድሽ ሳለ የአንድ እግርሽ ባት ካበጠና ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እስከዛሬ የማታውቂው ዓይነት ራስ ምታት ከያዘሽ፣ እይታሽ በድንገት ከተለወጠ፣ ሆድሽን በኃይል ከቆረጠሽ፣ ወደኔ አትምጪ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ፒልስ እንደምትወስጂም ንገሪያቸው። ብዙዎቹ ይህን መናገር ያፍራሉ።

የመጨረሻው ወሬ «አንቲባዮቲክ ስትወስጂ ፒልስ አይሠራም» የሚለው ነው። አሞክሳሲሊንና መሰሎቹ አይነኩትም። አንድ ትልቅ ስም ግን አለ፤ ሪፋምፒሲን። የቲቢ መድኃኒት ነው፣ ሕክምናው ስድስት ወር ነው፣ ፒልሱን ያዳክመዋል። ካቆምሽው በኋላም ለአራት ሳምንት ያህል ተጽዕኖው ይቆያል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታል፣ ፊኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንዲሁ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን የምትወስጂ ከሆነ መርፌው ወይም ሉፑ ይሻልሻል።

እና ስትመጪ የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘሽ ነይ። «ነጭ፣ ክብ፣ ትንሽ ኪኒን» ብለሽ አትንገሪኝ። ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ ተመልከቺ፤ ግማሹ ነጭ፣ ክብና ትንሽ ነው።